ያልተፈተሸው ቦት ጫማ

«አየሽው?» አለ አባቷ ከኩሽና።

ቲሪል የአባቷን የግራ ቦት ጫማ አንገቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብላለች። እጇን ወደ ውስጥ ልትሰድ ስትል ነበር የበሩ ደወል የጮኸው። በበሩ መስታወት የማይከን ቢጫ ኮፍያ ታየ። ማይከን ደግሞ ደውላ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም፣ ደውላ የምትገባ ነች።

እስኪ አስቡት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጇን እስከ ክርኗ አባቷ ጫማ ውስጥ ከትታ ስትዳብስ የክፍል ጓደኛዋ ከተፍ ብትልባት ምን ይባላል? ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ቲሪል ጫማውን ቶሎ ብላ ምንጣፉ ላይ አቆመችውና ብድግ አለች።

«አየሁት» አለች።

ቀኙን አይታዋለች። ግራውን ግን አላየችውም።

ማይከን ከነብርዷ ገባች። ገና ናችሁ እንዴ አለች፣ የእሷ አባት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መሰላል እየተሸከመ ነው፣ ሰው ሁሉ ለደቦው ወጥቷል፣ የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው። የቲሪል አባት ቶርጌር ግድግዳውን በመዳፉ እየተደገፈ ከኩሽና ወጣ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ቦት ጫማዎቹን ማጥለቅ ጀመረ። ቀኙን አጠለቀ። ግራውን አጠለቀ። ቲሪል ሰርቃ ፊቱን አየችው። ምንም የለም። ፊቱ ላይ ደግሞ ምንም ሊታይ አይችልም፤ ችግሩም እሱው ነው።

የቶርጌር እግር አይሰማውም። ከጣቶቹ ጀምሮ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ድረስ ደንዝዟል፤ አሁን አሁን የእጆቹ ጣቶች ጫፍም ተከትለዋል። ጠጠር ቢረግጥ አያውቅም፣ ካልሲው ታጥፎ ቢልጠው አያውቅም። ባለፈው ክረምት እግሩን ምድጃው አጠገብ ዘርግቶ ጋዜጣ እያነበበ ሳለ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው እሱ ራሱ ነበር። የሸተተው የገዛ ካልሲው ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ መርገጡን እንኳ የማያውቀው ይህ እግር ማታ ማታ እሳት ላይ እንደተጣደ ያቃጥለዋል።

ስለዚህ የሌላ ሰው ዓይንና እጅ ያስፈልገዋል። ጠዋት ጫማው ውስጡ ይዳበሳል፣ ማታ የእግሩ ሥር በመብራት ይታያል። የቲሪል እናት መኪና አሻጋሪው መርከብ ላይ ስለምትሠራ አንዱን ሳምንት ቤት ናት፣ አንዱን ሳምንት ባሕር ላይ። ባሕር ላይ ስትሆን ሥራው የቲሪል ነው።

ሐኪሞቹ ያላዩት ነገር የለም። ደሙን ቀዱ፣ ከጀርባው ፈሳሽ ወሰዱ፣ እግሩ ላይ ሽቦ እየለጠፉ በኤሌክትሪክ ነዘሩት። ስኳር አለብህ? ትጠጣለህ? ከቤተሰብህ እንዲህ የሆነ አለ? ብለው ጠየቁት። የለብኝም፣ አልጠጣም፣ የለም። በስተመጨረሻ ሐኪሟ ወረቀቱን አዙራ አሳየችው። የሁለቱም እግሮች ነርቮች ተጎድተዋል፣ ምክንያቱ አልታወቀም ይላል። ቶርጌር መኪና ውስጥ ሲገባ «እግሬ ሥራ ለቋል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ግን አላስገባም» አለ። እናቷ እስክታለቅስ ሳቀች። ቲሪል ግን አልሳቀችም፤ ይሄን ለሰው እንዴት ብዬ ነው የምናገረው የሚለው ነበር የከነከናት።

ስም ያለው ሕመም ሲነገረው ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ምክንያቱ አልታወቀም ሲባል ግን «እህ» ይልና ዓይኑን ያጠባል። ቶርጌር ሃያ ሁለት ዓመት ጣሪያ ሲሠራ የኖረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። መሰላሉን መርገጡን ማወቅ ሲያቅተው ሥራውን ተወ። አሁን ግማሽ ቀን ቀለም መሸጫ ውስጥ ስልክ ያነሳል። የሚያየው ሰው ጤነኛ ነው የሚለው። ሲመሽ መንገድ ላይ ሲንገዳገድ የሚያየው ደግሞ ቀምሶ ይሆናል ይላል።

ደቦም ቀርቷል። እዚያ ሰፈር የበልግና የመኸር ደቦ ቀልድ አይደለም። በተራሮች መሃል ሰርጎ በገባው ቀጭን ባሕር፣ በፊዮርዱ ዳር የተደረደሩት ሃያ ስድስት ቤቶች በዓመት ሁለት ቅዳሜ ወጥተው የሰፈሩን አዳራሽ፣ የጀልባ ማቆሚያውንና የልጆቹን መጫወቻ ያድሳሉ። የመጣ ሰው በቤቱ ቁጥር አንጻር ምልክት ያደርጋል፤ ወረቀቱ አዳራሹ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ይከርማል። የቀረውን ሰው ማንም ምንም አይለውም። እንደው ዝም ይሉታል፣ የዚያ ዝምታ ግን አጥንት ይገባል። ቁጥር አሥራ አራት፣ የእነ ቲሪል ቤት፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ባዶ ነበር።

በየካቲት አውቶቡስ ላይ ማይከን ያነሳችው ይህንኑ ነው። የደቦው ኃላፊ የእሷ አባት ኦድቫር ነው። አባቴ ሰውዬው እኮ ደህና ይመስላል፣ ምነው ጠፋ ይላል አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፣ ጠየቀች ብቻ። ቲሪል ጆሮዋ ጋለ። አፏን ስትከፍት እውነቱን ልትናገር ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከጣሪያ ወድቆ ነው» አለች።

የማይከን ዓይን ፈጠጠ። የቱ ጣሪያ? የዓሣ ፋብሪካው። ስንት ሜትር? ስድስት። ቲሪል መልሱ እንዲህ ተሰካክቶ ሲመጣላት ራሷም ገረማት። ማይከን ክንዷን ይዛ፣ አንቺዬ፣ በሕይወት መትረፉም ዕድል ነው አለች። የዚያን ዕለት ቲሪል ቤቷ ስትገባ ቀለል ብሏት ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮራ ብላም ነበር።

አሁን ሦስቱ ወደ አዳራሹ እየወረዱ ነው። የሚያዝያ በረዶ መንገዱ ዳር አመድ መስሎ ቀርቷል፤ ፊዮርዱ ግን ያብረቀርቃል። ቶርጌር እግሩን በዓይኑ እየመራ ነው የሚሄደው። ማይከን ስለ ምሳው ዋፍል፣ ስለ ጣፋጩ ቂጣ ታወራለች፣ ቲሪል ግማሹን አትሰማም። አባቷ ዘንድሮ አልቀርም ሲል መጥፎ ነገር እንዳለበት አውቃለች። ኦድቫር አፉን እንዳይከፍት ብቻ ነበር የምትለምነው።

ኦድቫር ከፈተ። ሰውዬው ቁመቱ የትየለሌ፣ ድምፁም እንደዚያው ነው። ቶርጌርን ገና ሲያየው የያዘውን መዶሻ ጥሎ መጣና እጁን በሁለት እጁ ያዘ። ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እኔም ስላንተ ደግ አላሰብኩም፣ ይቅርታ አድርግልኝ አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የሚለው።

«ከስድስት ሜትር ወድቀህ ዛሬ ለሥራ መምጣትህ... ባርኔጣዬን አነሳልሃለሁ» አለ።

ቶርጌር ኦድቫርን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ቲሪልን አያት። ቲሪል መሬት ላይ የተቀመጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባለች። ለውጭ እንጨት፣ ከአምስት ዲግሪ በታች አይቀባ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ዕድለኛ ነኝ» አለ አባቷ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷ የማይዋሽ ሰው ነው። የጎረቤትን ጣሪያ ሲያፈስ አይቶ እኔ ነኝ በደንብ ያልመታሁት ብሎ በራሱ ጊዜ ሄዶ የደገመ ሰው ነው። አሁን በእሷ የተነሳ፣ ሃያ ሰው ፊት ቆሞ ዋሸ።

ኦድቫር ወንበርና ጠረጴዛ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ተቀምጦ የመስኮት ክፈፍ እንዲቀባ። ቶርጌር ግን እምቢ አለ። ያፈረሱትን የድሮውን የእንጨት ደረጃ ወደ ተጎታቹ ማመላለስ ያዘ። ሰው ሁሉ እረፍ ይለዋል፣ እሱ ይስቃል፣ ሌላ ጣውላ ያነሳል። ሰው ባለፈ ቁጥር ትከሻውን ይመታዋል፤ በተመታ ቁጥር አንድ ጣውላ ይጨምራል። ያልወደቀውን አወዳደቅ በላቡ ሊከፍል የቆረጠ ይመስል ነበር።

ቲሪል የወላለቁ ምስማሮች እየለቀመች ባልዲ ውስጥ ትጥላለች። ቁጣውን እየጠበቀች ነበር። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሰው ጀርባውን በሰጠበት ሰዓት አባቷ ተጎታቹ አጠገብ ቆመና ጠራት።

«ከየቱ ጣሪያ ነው የወደቅኩት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ዓይነት እንድንመልስ ብዬ ነው።»

«የዓሣ ፋብሪካው» አለች ወደ ባልዲው እያየች።

«እሱን እኔ ነኝ የሠራሁት። ጥሩ ጣሪያ ነው።» ጣውላውን አስተካከለ። «እኔም እኮ አንዳንዴ ምነው በወደቅኩ እላለሁ። ለሰው ለማስረዳት ይቀል ነበር።»

ይህን ብሎ ሄደ። ቲሪል ከኋላው ስታየው የግራ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚረግጠው ወይስ ዛሬ ነው? ጠዋት ያቆመችው ጫማ ትዝ አላት። እነዚህ የድሮ የሥራ ቦት ጫማዎቹ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር የኖሩ። ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ የምስማር ሣጥኖቹ ናቸው ያሉት። ሮጣ ቁጭ በል፣ አውልቀው ልትለው ነበር። አንድ እርምጃም ሄዳለች። ያን ጊዜ ማይከን ባለ አንድ ጎማ ጋሪዋን እየገፋች መጣችና የሚለቀም ምስማር አልቋል ወይ አለቻት።

ምን ሊገባበት ይችላል፣ አለች ቲሪል በልቧ። አንድ ቀን ነው። ባልዲዋን አንስታ ከማይከን ጋር ሄደች።

ሰባት ሰዓት ላይ ለዋፍል ተጠሩ። የአዳራሹ ወለል ባለፈው ሳምንት ተልጎ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ወተት የመሰለ የጥድ ጣውላ ነው። ኦድቫር በር ላይ ቆሞ በጫማ የሚገባ ሰው ካየሁ በመዶሻ ነው የማናግረው ይል ነበር። ድሮስ በጫማ ማን ይገባል። ሃያ ምናምን ጥንድ ጭቃማ ጫማ በሩ ላይ ተደረደረ፤ ሰው ሁሉ በካልሲው ገባና አግዳሚዎቹ ላይ ተቀመጠ። ቶርጌርም አግዳሚ ይዞ ጎንበስ ብሎ አወለቀ፣ እየሳቀ ከአንዱ ጋር እያወራ ገባ፣ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ፔርሙሱ ዞረ፣ ዋፍሉ ዞረ፣ ቡናማው አይብ ዞረ።

መጀመሪያ ያየችው ኦስላውግ ናት። ኦስላውግ የሰባ ዓመት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለተኛውን ሳህን ይዛ ከኩሽና ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ቀረች።

«እናንተ፣ ማን ነው የሚደማው?» አለች።

ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ጥጉ ድረስ፣ በነጩ ጣውላ ላይ ቀይ ማኅተም ተመትቷል። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤ ሁሉም የግራ እግር። ትናንሾቹ ልጆች ጓጉተው እግራቸውን ወደ ላይ አነሱ። ትልልቆቹም እግራቸውን ማገላበጥ ያዙ። እኔ አይደለሁም፣ እኔም አይደለሁም ተባለ፣ ትንሽ ተሳቀ። ቶርጌርም እንደ ሰዉ ሁሉ የግራ እግሩን አነሳ፤ ዋፍሉ በእጁ ነው፣ አፉ ውስጥ ያለውንም አልዋጠም።

ግራጫው ካልሲ ከሥሩ ጠቁሮ ርሷል። አንዲት የደም ጠብታ ከተረከዙ ተነጥላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ቶርጌር የራሱን እግር የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሆኖ ነው ያየው።

ከኩሽና የዋፍሉ መጥበሻ ጢስ ጢስ ይሸታል። አንድ ሕፃን አያመውም እንዴ ብሎ ጠየቀ፣ እናቱ ዝም አሰኘችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጣውላ ሲያመላልስ የዋለበት እግር ነው። በምን እንደተወጋ ከቲሪል በቀር እዚያ ቤት የሚጠረጥር ሰው የለም።

ኦድቫር ጉሮሮውን ጠረገ። ልበ ደግ ሰው ነው፣ የተሸማቀቀን ሰው ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም።

«ከአደጋው ነው፣ አይደል?» አለ። «አከርካሪህ ሲጎዳ ከታች ያለው ሁሉ ይደነዝዛል። የአጎቴም ልጅ እንደዚሁ ነበር።»

ሰው ሁሉ አሃ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይኸው መልስ ተገኘ፤ ስም ያለው፣ ከፍታው የታወቀ፣ ሰው ከንፈር የሚመጥጥለት። ቲሪል ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አባቷ ሳህኑን አስቀመጠ፣ ወደ እሷ አየ። ዓይኑ ውስጥ ወቀሳ የለም። ሊሸፍናት ነው፣ ደግሞ ሊዋሽላት ነው።

«አዎ» አለ። «ከ...»

«አልወደቀም» አለች ቲሪል።

ድምፅዋ እንደዚያ ጮክ ብሎ ይወጣል ብላ አላሰበችም። ሁሉም ዞረው አዩአት። ማይከን ከጎኗ ናት፤ ቲሪል ዞራ ልታያት አልቻለችም።

«ከየትም አልወደቀም። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች። «ነርቩ ነው የተጎዳው። ለምን እንደሆነ አይታወቅም። ብዙ መረመሩት፣ አላገኙትም። በቃ አይታወቅም።»

ከዚያ በላይ የከበዳት የሚቀጥለው ነበር። ይሄኛውን ለአዳራሹ አልነበረም የምትናገረው።

«አባዬ፣ ጠዋት አየሁት ያልኩህ ግራውን አላየሁትም ነበር» አለች። «ማይከን ስትመጣብኝ አፍሬ ነው።»

ኦድቫር በካልሲው ወጥቶ ከበሩ ላይ የግራውን ቦት ጫማ አመጣ፣ ውስጡን በእጁ ባትሪ አየና ለቲሪል አሳያት። የጣሪያ ምስማር ነው፣ አጭሩ፣ ራሱ እንደ ሳንቲም የሰፋው። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ አስተምሯታል፤ ይሄኛው ምስማር ሲወድቅ በራሱ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ተጠንቀቂ ብሏታል። እጇን ብትሰድ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዳበሳ ታገኘው ነበር።

ኦስላውግ ናት የተንቀሳቀሰችው። ሳህኗን አስቀምጣ ሳፋ ሙሉ ውኃ አመጣች፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ከግድግዳው አወረደች፣ ቶርጌር ፊት ልትንበረከክ ስትል ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ቲሪል ሄደች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ውኃው ትኩስ እንዳይሆን በክርኗ ለካች፤ ቤት እንደሚያደርጉት። ካልሲውን ቀስ ብላ ገፈፈች። ሃያ ምናምን ሰው እያየ የአባቷን እግር ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር። እጇ ግን ሥራውን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ተረከዙን፣ ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ በጣቶቹ መሃል አንድ በአንድ።

አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ፣ እንዲያው ሐኪሞቹ ምን ይሉታል ብሎ ጠየቀ። ቶርጌር አፉን ጠረገ።

«አናውቅም ነው የሚሉት» አለ። «ግን ጎበዞች ናቸው፣ በደንብ ፈትሸው ነው ያላወቁት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የቀሩት አልሳቁም። ከመካከላቸው እህ ብሎ ዓይኑን ያጠበበም ነበር፣ ቲሪል አይታዋለች። ደግሞም ማንም መጥቶ ጎበዝ ልጅ አላላትም። ኦድቫር ትከሻው ወርዶ ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያነሳውን ባርኔጣ ወዴት እንደሚያደርገው ግራ የገባው ይመስል ነበር። በመጨረሻ ሂሳብ እንደሚያሰላ ሰው ተናገረ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገዋል፣ ተረኛ ሐኪም ጋ እኔ አደርሳችኋለሁ፣ መኪናው ቅርብ ነው አለ።

ማይከን የወረቀት ፎጣ ጥቅልል ይዛ መጣች። ከበሩ ጀምራ ማኅተሙን መጥረግ ያዘች። ቲሪል አጠገብ ስትደርስ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ያኔ ማታ አልቅሼ ነው ለአባቴ የነገርኩት» አለች። «ስላንቺ አባት ብዬ አለቀስኩ።»

ቲሪል ይቅርታ አለች። ማይከን ወለሉን መጥረጓን ቀጠለች፤ ቫርኒሹ ውስጥ የገባው አንዱ ምልክት ግን አልለቅ አለ። ደም ከገባበት አይለቅም፣ ተዪው አለች ኦስላውግ፣ በሚቀጥለው ደቦ ይላጋል።

እግሩ ታሰረ። ቶርጌር ቦት ጫማውን ሊጠይቅ ሲል ኦድቫር ያ አይሆንም ብሎ ከመኪናው የራሱን የላስቲክ ቦቲዎች አመጣ። ጀልባ የሚያህሉ ናቸው፤ ፋሻውም አብሮ ይገባባቸዋል። በሩ ጋ አግዳሚው አጠገብ አቆማቸው። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሊመለስ ጫማውን እየፈለገ በሩ ላይ ተጠቅጥቋል። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደገፈ፣ ሹክ ሹክ እየተባለ።

ቶርጌር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቦቲዎቹን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየ። እንደ ወትሮው ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሰዉን ሲያይ ተወው። ዝም ብሎ እጁን ወደ ቦቲው ሰደደ። ጣቶቹ ግን ደንዝዘዋል፣ ምን ያገኛሉ።

«ቆይ፣ አባዬ» አለች ቲሪል።

ሰዉ መሃል ቁጢጥ አለች። የቀኙን ቦቲ አንስታ እጇን ሰደደች። እስከ ክርኗ ገባ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ የዓሣና የላስቲክ ይሸታል። የተረከዙን ቦታ ዳበሰች፣ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ሄደች። አልቸኮለችም። አንዲት የደረቀች የጥድ ቅጠል አገኘችና አውጥታ ጣለቻት። አንድ ልጅ ምን እየፈለገች ነው አለ።

ግራውን ልታነሳ ስትዞር ቦቲው እዚያ አልነበረም። ማይከን ይዛዋለች። አንዴ ወደ ውስጥ ተመለከተች፣ ከዚያ አቀበለቻት። ቀና ብላ አላየቻትም። ግን አቀበለቻት።

ቲሪል ያንንም እስከ ጫፉ ዳበሰች።

«አየሁት» አለች፣ ቦቲውን ለአባቷ ይዛለት።